ማልታ ድንጋይ ብቻ ለሆነችብሽ እህቴ

እህቴ፣ ማልታ ከገባሽ ሦስት ወር እንደሆነሽና አገሩ ድንጋይ ብቻ ሆኖ እንደታየሽ የጻፍሽውን አነበብኩት። መጀመሪያ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ብዙዎቻችን ይህችን ደሴት ወደ ሌላ አገር ማለፊያ አድርገን ስለምናያት ስንት ዓመት ኖረንባትም አናውቃትም። ይሄ ነገር ያሳዝነኛል።

እስኪ ቦርሳሽን ክፈቺና ሳንቲሞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፊያቸው። የሌላ አገር ዩሮ ስለሚቀላቀል ማልታ የሚል የተጻፈባቸውን ምረጪ። ትንንሾቹ ላይ፣ ባለ 1፣ 2 እና 5 ሳንቲሞቹ ላይ ማለቴ ነው፣ የምናይድራ ቤተ መቅደስ አለ። ከጊዛ ፒራሚዶች ይበልጣል በዕድሜ። መጋቢትና መስከረም ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ የጠዋት ፀሐይ በዋናው በር ገብታ ውስጥ ድረስ ትዘልቃለች። ባለ 1 እና 2 ዩሮው ላይ ደግሞ ስምንት ጫፍ ያለው መስቀል ታያለሽ፣ እሱ የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት የካቶሊክ የጦር ማኅበር ምልክት ነው። ከ1530 ጀምሮ ናፖሊዮን በ1798 እስኪያስወጣቸው ድረስ ደሴቲቱን ገዝተዋል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1565 የኦቶማንን ከበባ ከመከቱ በኋላ ነው ዋና ከተማዋን ቫሌታን መገንባት የጀመሩት።

ባንዲራው ላይ ያለው መስቀል ግን ሌላ ነው፣ ሰው ሁሌ ያምታታዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣልያንና ጀርመን ደሴቲቱን በቦምብ ሲደበድቧት ሕዝቡ እየተራበም እጁን አልሰጠም። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ሚያዝያ 1942 የጆርጅ መስቀል የሚባለውን የጀግንነት ሜዳይ ለደሴቲቱ በሙሉ ሸለሙ። በ1964 ነፃ ሲወጡም፣ በ1974 ሪፐብሊክ ሲሆኑም ከባንዲራቸው አላወረዱትም። የጣልያን ቦምብ ምን እንደሆነ ከአያቶቻችን ለሰማን ለእኛ ይሄ ቶሎ ይገባናል።

ቋንቋው አይገባኝም ላልሽው፣ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። በላቲን ፊደል ይጻፍ እንጂ የአማርኛ ዘመድ ነው፣ ሴማዊ ነው። ‹አይን› ዓይን ነው፣ ‹ራስ› ራስ ነው፣ ‹ዴም› ደም፣ ‹ሴማ› ሰማይ። አትክልት ሻጩ ‹ኤርባ፣ ሐምሳ፣ ሲታ፣ ሴባ› እያለ ሲቆጥር አብረሽው መቁጠር ትችያለሽ። ‹ሐምሳ› 5 መሆኑን ብቻ አትርሺ።

ድንጋዩስ? እውነትሽን ነው፣ ድንጋይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፣ ሐይቅም የለም፣ 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖራል። ከቧንቧ ከሚወርደው ውኃ ከግማሽ በላዩ ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ነው። ለዚህ ነው የድሮ ቤቶች የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ያላቸው፣ ‹ቢር› ይሉታል። እኔ የምኖርበት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ አለ። አፉ ላይ ያለውን ድንጋይ በእጅሽ ስትዳብሺው ገመድ ሲመላለስበት የኖረበት ቦታ ጣት እስኪያስገባ ተቦርቡሯል። ስንት ሰው እዚያ ቆሞ ውኃ ቀድቷል!

ደግሞ ሦስት ወር ያየሽው በጋውን ነው። ዝናቡ ሲመጣ ዲንግሊ ገደል ሂጂ፣ መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ብሔራዊ ወፋቸው ‹ሜሪል› እዚያ ገደሉ ላይ ብቻውን ቆሞ ይዘምራል፣ ወንዱ ሰማያዊ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ይህችን ደሴት መላጥያ ይላታል። ሐዋርያት ሥራ 28ን አንብቢው። የጳውሎስ መርከብ ተሰብሮ ሲወጡ የደሴቲቱ ሰዎች ዝናቡንና ብርዱን አይተው እሳት አነደዱላቸው። ከሊቢያ በባሕር የመጣን ሰዎች ያን ምዕራፍ ሳናለቅስ አንጨርሰውም። ፌብሯሪ 10 የዚህ የመርከብ መሰበር በዓል ነው፣ ሥራ የለም፣ የጳውሎስን ሐውልት ተሸክመው ቫሌታን ይዞራሉ። ነይ፣ ከተማው መግቢያ ትሪቶን ፏፏቴው ጋ እጠብቅሻለሁ። ጃኬት ያዢ፣ ንፋሱ ይበርዳል።