እርሻዬን ከሆለታ ወደ ባቱ ላዛውር ነው፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሆለታ አካባቢ በኪራይ መሬት ላይ ያለ ኬሚካል አትክልት አመርታለሁ። ጎመን፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት። አከራዬ ለልጃቸው ቤት ሊሠሩበት ስለሆነ መልቀቅ አለብኝ። እዚሁ ዙሪያ ሌላ ብፈልግ ዋጋው አይቀመስም። የአጎቴ ልጅ ግን ባቱ፣ ያው ዝዋይ፣ ግማሽ ሄክታር አለኝ ና ብሎኛል።

ሆለታ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ባቱ 1,640 ገደማ። ብርድ የለመደ ሰላጣ እዚያ ሙቀት ላይ ቶሎ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመራል። አፈሩም ሌላ ነው። አርጥቤ ጨበጥ ሳደርገው በጣቶቼ መሃል ሾለከ። የሆለታው ቀይ አፈር እኮ እንደ ሊጥ ነው የሚያያዘው! ይሄ አሸዋ ስንት ጋሪ ፍግ ይበላ ይሆን?

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ጎረቤት ነው። ከጎን ያለው የቲማቲም ማሳ ቱታ አብሶሉታ ለሚባለው የቲማቲም ተባይ እየተባለ መድኃኒት ይረጫል። ነፋሱ ደግሞ ወደኔ ነው። ደንበኞቼ ከኔ የሚገዙት መድኃኒት ስለማላስነካው ነው፤ ምን ብዬ ልመልስላቸው? ርጭቱን እንዲከልልልኝ ድንበሩ ላይ ዝሆኔ ሳር ብተክል ይበቃል ወይስ ሰስባንያ የሚባለውን ዛፍ ልጨምር? ስንት ሜትርስ ባዶ ልተው?

ሌላው የኮምፖስት ትሎቼ ናቸው። ሙቀት 35 ዲግሪ ካለፈ ያልቃሉ። በሌሊት በአይሱዙ ከነፍጋቸው ብጭናቸው ይተርፋሉ? እዚያስ ከጥላ ሌላ ምን ላዘጋጅላቸው?

ባቱና መቂ አካባቢ ያለ ኬሚካል የምታመርቱ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ምን እንደዘራችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ክረምት ሳይገባ መውጣት አለብኝ።