ሞንቴሶሪ ተብለናል፤ ዕቃው ግን ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበታል

የኬጂ 2 መምህርት፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ኬጂ 2 አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ከ40 በላይ ልጆች አሉ። አንዲት ረዳት አለችኝ።

ዘንድሮ የትምህርት ቤቱ ታፔላ ታደሰና «ሞንቴሶሪ» የሚል ተጨመረበት። ዕቃም ተገዛ። ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚደረደሩ ሮዝ ኩቦች፣ በየቀዳዳቸው የሚገቡ የእንጨት ሲሊንደሮች፣ ቁልፍና ዚፕ መለማመጃ ጨርቆች። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሁሉም ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ወላጅ ሊያስመዘግብ ሲመጣ ይወጣል፣ ወላጁ ሲሄድ ተመልሶ ይቆለፍበታል። ምክንያቱ «ልጆቹ ይሰብሩታል» ነው።

ክፍል ውስጥ ያው እንደ ድሮው ነን። እኔ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይላሉ፣ ከዚያ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ይገለብጣሉ። ጎበዝ የሚባል አንድ ልጅ አለኝ። የፊደል ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ያወርደዋል። መሀል ላይ «ሙ»ን ስጠቁመው ግን ዝም ይላል። ከ«ሀ» ተነስቶ በልቡ እያዜመ ይወርድና እዚያ ሲደርስ «ሙ!» ይለኛል። ይህ ልጅ ፊደል ያውቃል ልበል?

ስልጠና ላይ የፍሮበል፣ የዴዊ፣ የሞንቴሶሪና የቪጎትስኪ ስም በስላይድ ሲያልፍ አይቻለሁ። ስማቸውን ይዤ ወጣሁ፣ ሌላ የያዝኩት የለም። እነዚህ ሰዎች ክፍል ውስጥ በተግባር ምን አደረጉ? ልጅን ማዕከል ያደረገ ማስተማር ከ40 ልጅ ጋር ይሞከራል? ዕቃው ባይወጣልኝስ?

የመምህራን አሰልጣኝ፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ከቁም ሳጥኑ ልጀምርልሽ። የሞንቴሶሪም የመጀመሪያ ክፍል ቁም ሳጥኑ ይቆለፍ ነበርና። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። መጀመሪያ የሠራችው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ነው። ዛሬ በስሟ የሚሸጠው ዕቃ ብዙው መነሻው እዚያ ነው። ሴጊን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከእሷ በፊት የጻፈውን አንብባ ነው የሠራችው።

በ1907 መጀመሪያ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የሮም የድሆች ሰፈር አንድ ክፍል ተሰጣት። እናት አባት ሥራ ሲውሉ ልጆቹ ደረጃና ግድግዳ እያበላሹ የሕንፃውን ባለቤቶች ስላስቸገሩ የሚጠብቃቸው ሰው ተፈልጎ ነው። ልጆቹ 50 ገደማ ነበሩ። የተመደበችላቸው ሴት በመምህርነት የሰለጠነች አልነበረችም። ስለዚህ «በ40 ልጅ ይሞከራል?» ላልሽው፣ ነገሩ የተጀመረው ካንቺ ክፍል በሚበልጥ ቁጥር ነው። ባለሃያ ልጅ ክፍል እስኪሰጥሽ አትጠብቂ።

ወደ ቁም ሳጥኑ ስመለስ፣ መጀመሪያ ላይ መምህርቷ ዕቃውን ቆልፋ ታስቀምጥና በሰዓቱ እያወጣች ታድል ነበር። አንድ ቀን ሳትቆልፈው ሄደች። በማግስቱ ደግሞ አርፍዳ ደረሰች። ስትገባ ልጆቹ ቁም ሳጥኑን ከፍተው፣ እያንዳንዱ የሚፈልገውን መርጦ፣ ቁጭ ብሎ ይሠራል። መምህርቷ ስርቆት መሰላት። ሞንቴሶሪ ግን ልጆቹ ዕቃውን ለይተው አውቀውታል፣ መምረጥም ይችላሉ ብላ ተረዳችው። ከዚያ በኋላ ልጅ እጁ የሚደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ አሠራች። ይህንን ለዳይሬክተሯ ንገሪያት። ቁልፉ ባለበት ታፔላው ምንም ትርጉም የለውም።

ሁለተኛ የምነግርሽ የሲሊንደሩን ነው። ሦስት ዓመት ግድም የሆናት አንዲት ልጅ ሲሊንደሮቹን እያወጣች ትመልሳለች። ሞንቴሶሪ ትኩረቷን ልትፈትን ሌሎቹን ልጆች በዙሪያዋ እያዘመረች አዞረቻቸው። ልጅቷ ቀና አላለችም። ሞንቴሶሪ ከነወንበሯ አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ሲሊንደሮቹን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጠለች። 44 ጊዜ ደጋገመችው። ሲበቃት ራሷ አቆመች፣ ደስ ብሏት ነበር። እኛ ክፍል ይህች ልጅ ብትኖር ሁለተኛው ላይ «ጎበዝ! አጨብጭቡላት! በሉ ዕቃ አስቀምጡ፣ አሁን ሒሳብ ነው» እንላታለን። እኔ መምህራንን ሳሠለጥን በጣም የሚከብዳቸው ይኼ ነው። ልጅ ሥራ ላይ ሲሆን እጅንም አፍንም መሰብሰብ።

ሲሊንደሩ ሌላም ምስጢር አለው። ልጁ አንዱን በማይሆን ቀዳዳ ከከተተው መጨረሻ ላይ የማይገባ አንድ ይተርፈዋል። መሳሳቱን ዕቃው ራሱ ይነግረዋል። ቀይ እስክሪብቶ አያስፈልግሽም። ለ40 ልጅ የሚበጅሽም ይኼ ነው፤ ሁሉም ልጅ «ቲቸር እዪልኝ» እያለ አይከብሽም።

ዕቃው ባይወጣልሽ ደግሞ ይህን አድርጊ። ባቄላ፣ አተርና ሽንብራ ቀላቅለሽ በሳህን አቅርቢ፣ ይለዩት። ትንሽ ውሃ በጆግ፣ ሁለት ኩባያና መወልወያ ጨርቅ ስጫቸው። ሲፈስ ይወለውሉታል፣ መወልወሉም ትምህርት ነው። አሮጌ ሹራብ ከነቁልፉ እንጨት ላይ ወጥረሽ ስጫቸው። ለየልጁ ትንሽ ሰሌን ወይም ምንጣፍ አንጥፊ፤ የእሱ ሥራ እዚያ ላይ ነው፣ ሌላው አይረግጠውም። ከረዳትሽ ጋር ተነጋገሩና ግማሹ ውጭ ሲጫወት ግማሹ ይሥራ፣ ከዚያ ተለዋወጡ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ፍሮበል ጀርመናዊ ነው፣ ወጣት ሳለ ስዊዘርላንድ ሄዶ ፔስታሎዚ ከሚባል የታወቀ አስተማሪ ጋር ሠርቷል። በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለሕፃናት ቤት ከፈተ፤ «ኬጂ» የምንለው ከእሱ የመጣ ነው። የሱፍ ኳስ፣ የእንጨት ኳስ፣ ኩብና ሲሊንደር እየሰጠ በዘፈንና በጨዋታ ያስተምር ነበር። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 አገደበት፣ እሱ በዓመቱ ሞተ፣ እገዳው የተነሳው በ1860 ነው። ዴዊ አሜሪካዊ ፈላስፋ ነው። በ1896 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ ያበስሉ፣ ይሸምኑ፣ እንጨት ይሠሩ ነበር። መስፈርና መቁጠር የሚማሩት እዚያው ሥራው ውስጥ ነው። ቪጎትስኪን ሌላ ሰው ያስረዳሽ።

የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ፣ ጎንደር

እትዬ ያሉት አንድ ነገር አስታወሰኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው። ገበታ ይዤ በስንደዶ እየጠቆምኩ። ጩኸት ነበር፣ አለንጋም ነበር፣ ያንን አላወድሰውም። ግን እያንዳንዳችን የየራሳችን ቦታ ላይ ነበርን። አንዱ «ሀ ሁ» ላይ ነው፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ ላይ፣ አንዱ ዳዊት ላይ። ቀደም ያለው ልጅ ለታናሹ ያስጠናል። ሁሉም በአንድ ቀን አንድ ገጽ ይድረስ የሚል ነገር አልነበረም። ሞንቴሶሪ ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆችን አንድ ክፍል እንዳደረገች ሳነብ አልገረመኝም።

መምህርት፣ ስለዚያ ልጅ፦ የኔታ ይህንን ያውቁት ነበር። ለዚህ ነው በገበታው ተራ በማንበብ ብቻ የማያሳልፉን። ከታች ወደ ላይ፣ ከጎን ወደ ጎን ያስነብቡን ነበር። በዜማ የሸመደደ እዚያ ላይ ይያዛል።

የ1ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ

ቪጎትስኪን እኔ ልውሰደው፣ ምክንያቱም እኔ የእሱ ወገን ነኝ።

ቪጎትስኪ በ1896 ተወልዶ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ የሞተ የሶቭየት ሥነ ልቦና ሊቅ ነው። ዋና ሐሳቡ እንዲህ ነው። ልጅ ብቻውን የሚችለው አለ፤ ሰው ትንሽ ቢያግዘው የሚችለው አለ። ማስተማር ያለብን በሁለቱ መካከል ባለው ቦታ ነው። ዛሬ በእገዛ የሠራውን ነገ ብቻውን ይሠራዋል። ስለዚህ «እጅን መሰብሰብ» የተባለው ለእኔ ገደብ አለው። ልጁ ሲጠመድ አትንኪው፣ እስማማለሁ። ሲጣበቅ ግን ዳር ቆሞ ማየት ልክ አይደለም። አንድ ቃል፣ አንድ ጥቆማ ትበቃዋለች።

ሁለተኛ፣ ቪጎትስኪ ሞንቴሶሪን ያመሰገናትም የተቻትም አለ። ትንንሽ ልጆች መጻፍ እንደሚችሉ ማሳየቷን ተቀብሏል። ግን ልጆቹ የጻፉትን ሲያይ አልረካም። በሚያምር እጅ ጽሑፍ ለሕንፃው ኃላፊ የፋሲካ ምኞት ይጽፋሉ። ይህ የማን ፍላጎት ነው? ልጁ የሚጽፈው ለራሱ የሚያስፈልገውን ነገር መሆን አለበት ነው የሚለው።

ሦስተኛ፣ ጨዋታ። ሞንቴሶሪ አሻንጉሊት አቅርባ ልጆቹ አልነኩትም ብላ አነሳችው። እኔ ይኼ አይዋጥልኝም። የእኛ ልጆች ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠጠሩ ዳቦ ነው፣ ቆርኪው ስኒ ነው፣ አንዷ እናት ናት። እናት የሆነችው ስትቆጣ፣ ስታባብል፣ ስታካፍል ራሷን ትገዛለች። ቪጎትስኪ ልጅ በእንዲህ ያለ ጨዋታ ከዕድሜው በላይ ይሆናል ይላል። አተር መልቀም ጥሩ ነው። ዕቃ ዕቃን ግን እንዳትከለክሉብን።

የኬጂ 2 መምህርት፣ አዲስ አበባ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እትዬ፣ ስለ ፊደሉ ትንሽ ይጨምሩልኝ። በየትኞቹ ልጀምር? ወላጆች ደግሞ በየቀኑ የተሞላ ደብተር ካላዩ «ምንም አልተማረም» ይላሉ። እሱንስ እንዴት ልመልሰው?

የመምህራን አሰልጣኝ፣ ባሕር ዳር

የደሴው ወንድሜ ዕቃ ዕቃ ላይ ልክ ነው። የሞንቴሶሪን መንገድ እወደዋለሁ፣ በዚያ ላይ ግን ከቪጎትስኪ ጋር ነኝ። ውጭ የሚሆኑት ግማሾቹ ይጫወቱት፤ ቆርኪና ጨርቅ አዘጋጂላቸው።

አሁን ፊደሉ። ሞንቴሶሪ የእንጨት ፊደል ማሠራት ስላልቻለች ከወረቀት ቆረጠች፣ ከብርጭቆ ወረቀትም ቆርጣ ካርቶን ላይ ለጠፈች። ያው አናጺ እንጨት የሚያለሰልስበት ነው። ልጁ በሁለት ጣቱ በአጻጻፉ አቅጣጫ እየዳበሰ ድምፁን ይላል። እኛ ዕድለኞች ነን፤ «መ» ስሟም ድምፅዋም «መ» ነው፣ ልጁ ሁለት ነገር አይሸከምም።

ገበታውን ተከትለሽ አትሂጂ። ከልጆቹ ስም መጀመሪያ ተነሺ። በአንድ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ እነሱም መልካቸው የሚራራቅ። ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ደ እና ጀ በአንድ ቀን አይቅረቡ። ከዚያ የሴጊንን ሦስት እርምጃ ያዢ። መጀመሪያ «ይቺ መ ናት፣ ይቺ በ ናት» እያልሽ አስዳብሺው። ቀጥሎ «መ የትኛዋ ናት? በ ን ስጠኝ፣ መ ን መስኮቱ ጋ አስቀምጣት» በይው። እዚህ ላይ ቆዪ፣ አጫውቺው። መጨረሻ ላይ ብቻ «ይቺስ ማን ናት?» ብለሽ ጠይቂ። ካላወቃት አትገሥጪው፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሺ። ያ በዜማ የሚወርደው ልጅሽ የሚድነው በዚህ ነው፤ የሚንጠላጠልበት ዜማ የለም።

ግዕዙን ሲለምዱ ካዕቡን፣ ሳልሱን እያልሽ የቀሩትንም አምጪ። ትንንሽ ካርድ ቁረጪና ቃል ይገጣጥሙ፦ ላም፣ በግ፣ ቤት፣ ቡና። እርሳስ መያዝ የማይችለው ልጅ ሳይቀር በካርድ «ይጽፋል»። ሳን ሎሬንዞ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ጣሪያው ላይ ሆኖ በጠመኔ የጭስ ማውጫ ሥዕል ሠራ። ሞንቴሶሪ ጥሩ ሠራህ ስትለው ዘወር አለና «መጻፍ እችላለሁ!» ብሎ ጮኸ። እዚያው ወለሉ ላይ «እጅ» ብሎ ጻፈ፣ ቀጥሎ «ጭስ ማውጫ»፣ ቀጥሎ «ጣሪያ»። በጣሊያንኛ ነው እንግዲህ። እጁን ለወራት ያዘጋጁት ዕቃውና የብርጭቆ ወረቀቱ ናቸው።

ወላጆችን በተመለከተ ደብተሩን በአንድ ቀን አታቋርጪባቸው። ይደነግጣሉ፣ መብታቸውም ነው። ሙሉ ገጹን ወደ አንድ መስመር አውርጂ። በቀረው ቦታ ልጁ ራሱ የመረጠውን አንድ ቃል ይጻፍ፣ የእናቱን ስምም ቢሆን። ያኔ የደሴው ወንድሜ ያነሳውም ይመለሳል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሲወስዷቸው ሁለት ሁለት ወላጅ አስገቢና ልጁ ራሱ ፊደሉን እየዳበሰ ያሳያቸው።

የብርጭቆ ወረቀቱን ስትገዢ ደቃቁን በይ። ሻካራው የልጅ ጣት ይልጣል።