«ሻማን»ን በአማርኛ ምን እንበለው? አድባር፣ ቆሌ፣ ከራማ እና የሐረር ጅብ

የከዚራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ ለአንድ የትምህርት ቤት መጽሔት ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። የሳይቤሪያና የአማዞን ነባር ሕዝቦች ከጫካው፣ ከወንዙና ከአውሬው ጋር ስላላቸው መንፈሳዊ ትስስር ነው የሚያወራው። ሁለት ቦታ ላይ ቆሜያለሁ። አንደኛ፣ «ሻማን»ን፣ ማለትም ለሕዝቡ ከመናፍስት ጋር ይነጋገራል የሚባለውን ሰው፣ «ቃልቻ» ብለው ያስኬዳል? ሁለተኛ፣ «ከተፈጥሮ ጋር በመንፈስ መገናኘት» የሚለው ሐረግ አማርኛ አማርኛ አልሸተተኝም። የኛ አገር ሰው ይህን ነገር በምን ቃል ነው የሚለው?

ደቻቱ፦
ቃልቻ አትበዪው አቦ! ቃልቻ ያልሽ እንደሆነ አንባቢው ወዲያው ዶሮና ጨሌ ነው የሚታየው። «ሻማን» ብለሽ ተዪውና ከሥሩ በአንድ አረፍተ ነገር አብራሪው።

ጋራ ሙለታ፦
ደቻቱ ያለው ልክ ነው። ምክንያቱን ግን ልጨምርበት። የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ረዘም ብል ታገሱኝ።

«ሻማን» የሳይቤሪያ ቃል ነው፤ የኤቨንኪ ሕዝብ። በ17ኛው መቶ ዘመን በሩሲያኛ በኩል ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ከዚያ አጥኚዎች ለሞንጎሊያውም ለአማዞኑም ይህንኑ ስም ሰጡት። ባለቤቶቹ ግን የየራሳቸው ስም አላቸው። ሞንጎሊያውያን ወንዱን «ቦ»፣ ሴቷን «ኡድጋን» ይላሉ። የኢኳዶር ኪችዋዎች «ያቻክ» ይላሉ፤ «የሚያውቅ» ማለት ነው። እንግዲህ የኛን «አዋቂ» አስቡት። እናቶቻችን «ጠንቋይ» የሚለው ቃል ሲከብዳቸው «አዋቂ ዘንድ ሄደች» ነው የሚሉት። በውቅያኖስ የተለያዩ ሁለት ሕዝቦች እዚሁ ቃል ላይ መድረሳቸው ሁሌም ይገርመኛል።

ትልቁ ልዩነት አቅጣጫው ላይ ነው። በሳይቤሪያው ወግ ሻማኑ ከበሮ እየመታ ይመሰጣል። ነፍሱ ትሄዳለች ይባላል። ወደ ላይኛው ወይም ወደ ታችኛው ዓለም ተጉዛ የታመመውን ሰው ነፍስ ትፈልጋለች። በአደን የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ሻማኑን ከአውሬዎቹ ጌታ ጋር እንዲነጋገርለት ይልከዋል። የኛ ዛር ግን ተቃራኒ ነው። ሰውየው የትም አይሄድም፤ የሚመጣው ዛሩ ነው። ግሶቹን ልብ በሉ፦ «ዛር ሰፈረበት»፣ «ዛር ያዘው»፣ «ዛሩ ተነሳበት»። ሰውየውን «የዛር ፈረስ» ይሉታል፤ ጋላቢው ዛሩ ነውና። ሰውነት የሚንቀጠቀጥበትና አንገት የሚወዛወዝበት ሁኔታ ደግሞ «ጉሪ» ይባላል። ስለዚህ ሻማንን «ባለ ዛር» ማለትም አያስኬድም።

«ቃልቻ» ከኦሮምኛ ነው የመጣው። ኦሮምኛው ግን «ቃሉ»ን እና «ቃሊቻ»ን ይለያል። ቃሉ በዋቄፈና፣ በኦሮሞ ነባር እምነት፣ ትልቅ የመንፈስ አባት ነው። ማዕረጉ በዘር ይወርዳል፤ ይመርቃል፣ ያስታርቃል። አማርኛችን ይህን ሁሉ «ቃልቻ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ወደ ስድብ አወረደው። ይህ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። የጎረቤት ቋንቋ በክብር የያዘውን ቃል ተውሰን ስድብ አድርገን መለስንለት።

የከዚራዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። «ሻማን» ብዬ እተወዋለሁ። ሁለተኛውስ?

የጁገሉ፦
እሱን እኔ ልሞክረው። ሐረር ነው ያደግኩት።

«ተፈጥሮ» ከ«ፈጠረ» የወጣ ነው። ፈጣሪን ከኋላው አስከትሎ ነው የሚመጣው። ደግሞም በንግግር አብዛኛውን ጊዜ ጠባይ ማለት ነው፦ «ተፈጥሮው ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» እንደምንለው። «ከተፈጥሮ ጋር ተገናኘሁ» የሚል ሽማግሌ ሰምቼ አላውቅም። ሰው የሚገናኘው ከአንድ ስም ካለው ዛፍ፣ ከአንድ ስም ካለው ተራራ፣ ከአንድ ውሃ ጋር ነው። ግሱም እንደ ቦታው ይለያያል። ጠበል ይወረዳል። ተራራ ይወጣል። አውሊያ ይዘየራል። ለአድባር ቡና ይፈላል፣ ግንዷ ቅቤ ይቀባል። አንቺ የምትፈልጊው ትስስር እነዚህ ግሶች ውስጥ ነው ያለው።

«አድባር» በግዕዝ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት። አማርኛ ሲደርስ የአካባቢው ጠባቂ መንፈስ ሆነ። ቀጥሎም መንፈሱ የሚያርፍበት ትልቅ ዛፍ። በመጨረሻ ደግሞ ሰው ላይ ወጣ፤ የተከበሩ ሽማግሌን «የሰፈራችን አድባር ናቸው» እንላለን። ተራራ፣ መንፈስ፣ ዛፍ፣ ሰው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ መንገድ ሲሄድ አንዱንም አልጣለም። በጾታም ብዙ ጊዜ ሴት ናት፦ «አድባሯ ትጠብቅህ» ነው የሚባለው።

ደቻቱ፦
ቆሌ እና ውቃቢስ? እኛ ሰፈር አንድ ናቸው።

የጁገሉ፦
በአፍ ይቀላቀላሉ፤ ፈሊጦቻቸው ግን አይቀላቀሉም። «ቆሌው ተገፈፈ» ሲባል ሰውየው ደንግጧል፣ ግርማው ወርዷል። «ውቃቢው ተገፈፈ» የሚል ግን አልሰማሁም። ውቃቢ ይርቃል ወይም ይቀርባል፦ «ውቃቢ የራቀው»። ቆሌ እንደ ልብስ ከላይ ያለ ነገር ነው፤ ውቃቢ ደግሞ አጠገብህ የሚቆም ጠባቂ። ውቃቢን ከግዕዙ «ዐቀበ»፣ ማለትም «ጠበቀ»፣ ጋር የሚያያይዙት ሰዎች አሉ፤ ለእኔም ያሳምነኛል። «አልወደደውም» ላይ ግን ሁለቱም ይገባሉ። አንድ ቤት ገብተህ ደስ ሳይልህ ሲቀር «ውቃቢዬ አልወደደውም» ትላለህ፤ «ቆሌዬ አልወደደውም»ም ትላለህ።

እኛ ጋ ሦስተኛም አለ፦ ከራማ። ከዐረብኛ ነው፤ የወልይ ጸጋ ማለት ነው። በሐረርጌና በወሎ አማርኛ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይለዋል።

ሳቢያን፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባና፣ ይህ ለተማሪዎች መጽሔት ነው የተባለው። ይህን ሁሉ ማብራራት ባዕድ አምልኮ ማስተዋወቅ አይሆንም? እኔ በግሌ ይጨንቀኛል።

ጋራ ሙለታ፦
ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ቃሉን መፍታት ግን እምነቱን መቀበል አይደለም። ልጁ «የሰፈራችን አድባር» ሲባል ይሰማል። ከየት እንደመጣ ቢያውቅ ምኑ ይጎዳዋል? የባለቤቶቹንም ቃል መስማት አለብን። የኢሬቻ አክባሪዎች ከኦዳ ሥር ወይም ከውሃው ዳር ሲቆሙ «ዛፉን አናመልክም፤ የምናመሰግነው ዋቃን ነው» ይላሉ። ልዩነቱን በራሳቸው አፍ ካስቀመጡት፣ ተርጓሚዋም እንዲሁ ማስቀመጥ ትችላለች።

ኦዳ የኛው ሾላ ነው። በምዕራብ ሐረርጌ ኦዳ ቡልቱም አለ፤ የኢቱና የሁምበና ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የተቀመጠበት ስፍራ። ገዳን ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል። ሕግ የሚወጣው፣ እርቅ የሚወርደው፣ ምርቃት የሚሰጠው ዛፍ ሥር ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ያለው የጥንት የዋሻ ሥዕል ስፍራ እንኳ ስሙ ለጋ ኦዳ ነው፤ «የሾላ ወንዝ»። ዛፉ የቦታ ስም የሆነበት አገር ላይ ተቀምጠን ቃል ከሩቅ መፈለግ የለብንም።

የከዚራዋ፦
ጽሑፉ ላይ ሰው ከአውሬ ጋር ቃል ኪዳን ስለመግባቱም አለ። ለእሱስ የኛ ምሳሌ ይኖር ይሆን?

የጁገሉ፦
ይህንማ ሐረርን ነው መጠየቅ!

አማርኛ ለጅብ ክፉ ነው። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል»። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ»። ተረቱ ውስጥ «አያ ጅቦ» ሁልጊዜ ሆዳምና ሞኝ ነው፤ ቡዳም ጅብ ይሆናል ይባላል። ሐረር ግን ሌላ ነው። ጅብ በሐረሪ «ወረባ» ይባላል። የከተማዋ ግንብ በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። ከሰው በሮች ሌላ «ወረባ ኑዱል» የሚባሉ የጅብ ቀዳዳዎች አሉት። ማታ ጅቦቹ በእነዚያ ገብተው በየመንገዱ ይዞራሉ። ቆሻሻ ያነሳሉ። ጂን ይበላሉ ተብሎም ይታመናል። እኛ ልጆች ሆነን ጅብ በደጃችን ሲያልፍ አንጮኽም ነበር። ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው።

ሙሐረም 10፣ የአሹራ ዕለት፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ታሪኩ እንዲህ ይነገራል። በአንድ የረሃብ ዘመን ጅቦች ሰው ይበሉ ጀመር። አውሊያዎቹ ከጅቦቹ ጋር ተነጋገሩና በየዓመቱ ገንፎ ሊሰጧቸው፣ እነሱም ሰው ሊተዉ ተስማሙ። ሽማግሌዎች ጅቦቹ ገንፎውን እንዴት እንደበሉ አይተው የመጪውን ዓመት ሁኔታ ይናገራሉ። ቱሪስት የሚያየው ማታ ማታ በእንጨት ሥጋ ማጉረስ ከዚህ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። ሁለቱን አታቀላቅሉብኝ።

«ወረባ»ን ከ«ወሬ» ጋር አያይዘው «ወሬ አምጪ» ብለው የሚፈቱ አሉ፤ ጅቡ ከአውሊያው መልእክት ያመጣል ከሚለው እምነት ጋር ስለሚሄድ። ያምራል። ነገር ግን ሶማልኛው «ወራቤ»፣ ኦሮምኛው «ወራቤሳ» ነው። ሦስት ቋንቋ የሚጋራውን ስም በአንዱ ቋንቋ «ወሬ» መፍታት አይመቸኝም። እምነቱን ግን አልነካውም። እምነቱ የሥርወ ቃል ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሳቢያን፦
ይህን እንኳ አላውቅም ነበር። ሐረር ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ! እሺ፣ አንድ ልጠይቅ። «ከጅቡ ጋር ቃል ኪዳን ገቡ» ይባላል ወይስ «ተስማሙ»?

የጁገሉ፦
«ቃል ኪዳን» የቤተ ክርስቲያን ጠረን አለው። «ውል» ደግሞ የገበያ ነው። እኔ «ተማማሉ» እላለሁ። መሐላ ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ ጅቡንም እንደ ባለ ቃል ይቆጥረዋል። ለአማዞኑም ለሳይቤሪያውም ጽሑፍ ይህ ግስ ይመቻል።

የከዚራዋ፦
«ተማማሉ»ን ወሰድኩ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኢሬቻ ላይ ሣር የሚያዘው ለምንድን ነው? የኛም ሰው ይቅርታ ሲለምን እርጥብ ሣር ይይዛል።

ጋራ ሙለታ፦
አዎ፣ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ እርጥበት ነው፤ ሰላምና ልምላሜ አንድ ላይ ይሄዳሉ። ክረምቱ ሲወጣ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ሕዝቡ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ይወርዳል። ከውሃው ነክሮ ወደ ላይ ይረጫል፣ ራሱንም ያርሳል። ይህ ኢሬቻ መልካ ነው፤ መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው። በበጋ ተራራ ላይ የሚደረገው ደግሞ ኢሬቻ ቱሉ ነው፤ ዝናብ ይለመንበታል። ስለዚህ ስትተረጉሚ በመልካው «ወረዱ»፣ በቱሉው «ወጡ» በዪ። «ተሰበሰቡ» ብቻ ካልሽ ውሃውም ተራራውም ይጠፋብሻል።