ክሮም ቀለሙ ላይ ቫርኒሽ ሲያርፍ ይደበዝዛል

የድሬዳዋውን የድሮ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል በ1፡22.5 መጠን እየሠራሁ ነው። የመንኮራኩሮቹ ማገናኛ ዘንጎች በ3ዲ ማተሚያ በሬዚን (በብርሃን በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) የታተሙ ናቸው፤ የተወለወለ ብረት መምሰል አለባቸው።

ሬዚኑ በአይሶፕሮፒል አልኮል ታጥቦ ፀሐይ ላይ ጠንክሯል። በ400፣ በ800፣ ከዚያም በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ተፈግፍጓል። ከሥር የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም አለው፤ ሁለት ቀን ደርቋል። (ጥቁሩ መስታወት ካልመሰለ ክሮሙ ከመጀመሪያውም ተስፋ የለውም።) ክሮም ቀለሙ አልኮል ያለበት ነው፤ አፈሙዙ 0.3 ሚሊ ሜትር በሆነ ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ ብዕር)፣ በ1 ባር ገደማ ግፊት፣ በጣም ስስ ተደርጎ ተረጭቷል። የምረጨው በማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የከተማችን ሙቀት ቀለሙን ገና አየር ላይ ያደርቀውና እንደ አሸዋ ይሻክራል። እስከዚህ ግሩም ነው፤ የመስኮቱ ፍሬም ዘንጉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የአክሪሊክ ቫርኒሽ ስረጭበት ወዲያው ግራጫ አሉሚኒየም ሆነ፤ ማሟሟቻው ተኝተው የነበሩትን የብረት ቅንጣቶች ያነሣቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ውሃ ላይ የተመሠረተው ደግሞ ነጠብጣብ እየሠራ አልያዝ አለ። እንዳለ ብተወው በጣት ይለቃል፣ ባቡሩ ደግሞ የሚነካ ነው። የእርሳስ (የግራፋይት) ዱቄት ማሸትም የሚሰጠው ጠቆር ያለ ብረት ነው፤ ለምድጃው በር ይሆናል፣ ለዘንግ አይሆንም።

ክሮሙን ሳያደበዝዝ የእጅ ንክኪ የሚችል ሽፋን ምን ዓይነት ነው፣ ክሮሙ ስንት ሰዓት ከደረቀ በኋላስ ይረጫል?