ለመንግሥት ድረ ገጾች የሚሰጥ ዕውቅና፦ የጋራ ሐሳቡ ረቂቅ (አስተያየት እስከ ዓርብ)

ጸሐፊ፣ ሰኞ ጠዋት
ረቂቁ ይኸው። ዓርብ ማታ ወደ ማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ አስተያየት አይገባም።

ርእሱ «ዜጎችን በሚገባ ላገለገሉ የመንግሥት ድረ ገጾች የሚሰጥ ዕውቅና» ነው። መለኪያው አንድ ብቻ ነው፦ ሰው ገጹን ከፍቶ ጉዳዩን ጨርሶ ወጣ ወይስ ሳይጨርስ ቀረ? ባለፈው ዙር በመልክ ዳኝተን ምን እንደደረሰብን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ዳኛው ጉዳይ ይዞ ይገባል። ፈቃድ ያድሳል፣ የልደት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፣ ክፍያ ይከፍላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ አቤቱታ ያስገባል። በእጅ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ፣ መንገድ የሚያሳየው ሰው አጠገቡ ሳይኖር። በስንት ደቂቃ ጨረሰ? የቱ ጋ ቆመ? መጨረሻ ላይ ማመልከቻው መድረሱን የሚያረጋግጥ ቁጥር ተሰጠው ወይስ ባዶ ገጽ ጠበቀው?

ሦስት ፈቃደኛ ያስፈልገኛል። ስለ ገንዘቡ ገንዘብ ያዥ ይናገር።

ፈታሽ፣ ሰኞ ጠዋት
አንዱ እኔ ነኝ፣ መዝግቢኝ። አንድ ነገር ግን ይስተካከል። የውሸት ስም ሞልተን የልደት ምስክር ወረቀት መጠየቅ አንችልም፤ ሐሰተኛ ማመልከቻ ያስጠይቃል። እውነተኛ ጉዳይ ያለው ሰው ፈልገን አጠገቡ ቁጭ ብለን ማየት አለብን። ሳንረዳው፣ ሳንጠቁመው። የሰው እጅ ቁልፉን አጥቶ ሲንከራተት እያዩ ዝም ማለት ከባድ ነው፤ ዳኞቹ መጀመሪያ ይህን ይለማመዱ።

ገንዘብ ያዥ፣ ሰኞ ከሰዓት
ያለፈው ዙር አዳራሽና ዋንጫ የካዝናውን ሲሶ በልቷል። ዘንድሮ ለዋንጫ አልፈርምም። የምስክር ወረቀትና ገጹ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ይበቃል።

አራሚ፣ ሰኞ ማታ
ይዘቱን እደግፋለሁ። «ዜጎችን» የሚለው ቃል ግን ይውጣ። የመኖሪያ ፈቃድ የሚያድስ የውጭ አገር ሰው ዜጋ አይደለም። ስደተኛም አይደለም። ግብር የሚከፍል ድርጅትም አይደለም። ሁሉም ያንኑ ቅጽ ይሞላሉ። ከርእሱ አስወጥተናቸው «በሚገባ ያገለገለ» ልንል አንችልም። «ባለጉዳይ» ይባል።

ነባር አባል፣ ሰኞ ማታ
ዜጋ ይቆያል። ባለጉዳይ ማለት በር ላይ ቆሞ «ነገ ተመለስ» የሚባል ሰው ነው። ድረ ገጽ የመጣው ያንን ሰው ከበር ለማንሳት ነው። ዜጋ ስትለው ግን አገልግሎቱ የሚገባው እንጂ የሚቸረው አይደለም።

አዲስ አባል፣ ሰኞ ማታ
«ተገልጋይ» ብንለውስ? ሁሉንም ያቅፋል።

አራሚ፣ ሰኞ ማታ
እስማማለሁ። ቢሮዎቹም የሚጠቀሙበት ቃል ነው።

ነባር አባል፣ ሰኞ ማታ
እሱ ነው የማይጥመኝ። ግድግዳቸው ላይ «ተገልጋይ ክቡር ነው» ብለው ለጥፈው ሰውን ስንት ወር ያመላልሱታል።

አዳማጭ፣ ማክሰኞ ጠዋት
ወደ ገጹ እንግባ። እኔ ስልኬን የማነበው በጆሮዬ ነው። ባለፈው ዙር በሸለምነው ገጽ ላይ አንድ ክፍያ ለመጨረስ ሦስት ማታ ሞክሬያለሁ። ሮቦት አለመሆኔን ለማረጋገጥ የተጣመሙ ፊደላት ያሉበት ሥዕል ያቀርብልኛል፤ በድምፅ የሚሰማ አማራጭ የለውም። ቁልፎቹ ስም አልተሰጣቸውም፤ የስክሪን አንባቢዬ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» እያለ ያልፋል፤ የትኛው እንደሚከፍል፣ የትኛው እንደሚሰርዝ አላውቅም። በሦስተኛው ማታ የይለፍ ቃሌን ለጎረቤቴ ነግሬያት እሷ ከፈለችልኝ። የገንዘብ ሚስጥሬን ለሰው አሳልፌ የሰጠሁት ማየት ስለማልችል አይደለም፤ ገጹን የሠራው ሰው ስላላሰበኝ ነው። ያ ገጽ ሲሸለም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ።

ስለዚህ ረቂቁ ውስጥ ይህ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ደብሊውካግ 2.2፣ ለቅጽ በጣም የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ጨምሯል። አንደኛው፣ በአንድ ማመልከቻ ውስጥ አንዴ የሞላሁትን ዳግመኛ አታስሞላኝ ይላል። ሁለተኛው፣ ለመግባት እንቆቅልሽ አታስፈታኝ፣ የማስታወስ ችሎታዬንም አትፈትን ይላል። በተጨማሪ ስካን ተደርጎ የተለጠፈ ፒዲኤፍ እንደ መረጃ አይቆጠር። ለእኔ ፎቶግራፍ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አልሰማም።

ፈታሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት
ሙሉ በሙሉ ይግባ።

ዲዛይነር፣ ማክሰኞ ከሰዓት
ያንን ገጽ ከሠሩት አንዱ መሆኔን እዚህ ሁሉም ሰው እያወቀ በየዙሩ ይነሳብኛል። ያ ሥዕል የገባው እኛ ካስረከብን በኋላ ነው። ቁልፎቹ በእኛ ኮድ ላይ ስም ነበራቸው። አዳማጭ፣ የደረሰብሽ ያሳዝነኛል፤ ከልቤ ነው። ግን «በመልክ ዳኘን» ማለት ይብቃ። መልክም አገልግሎት ነው። ያው መመሪያ ራሱ በመደበኛ መጠን ጽሑፍና በጀርባ ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል። ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን የሚያነብ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ፈታሽ፣ ማክሰኞ ከሰዓት
መልክ አያስፈልግም ያለ የለም። ብቻውን አይዳኝ ነው የምንለው። የአሜሪካ የጤና መድን ገጽ፣ ሄልዝኬር ዶት ገቭ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን እስከ መጨረሻው ማድረስ የቻሉት 6 ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ኋላ ታውቋል። ሰዉ ዋጋ ለማየት እንኳ መጀመሪያ አካውንት እንዲከፍት ይገደድ ስለነበር ሁሉም አንድ በር ላይ ተጨናነቀ። የፊት ገጹን ብቻ ያየ ዳኛ ይህን ከየት ያውቃል?

ጸሐፊ፣ ማክሰኞ ከሰዓት
ለዲዛይነር ተቃራኒውንም ላንሳ። የብሪታንያው ጎቭ ዶት ዩኬ እ.ኤ.አ. በ2012 ዳይሬክትጎቭንና ቢዝነስ ሊንክን ተክቶ ተከፈተ፤ በ2013 የለንደን ዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ዲዛይን ብሎ ሸለመው። ጌጥ የለውም፤ ጽሑፍና አገናኝ ነው። የዲዛይን ሰዎች ራሳቸው ለዚያ ዋንጫ ሰጡ። ሙያህን የሚነካ ነገር የለውም።

አራሚ፣ ማክሰኞ ማታ
የርእሱ ጉዳይ እንደተንጠለጠለ ነው። «ዜጋ» ከቆየ ስሜ ከረቂቁ ላይ ይነሳ።

ነባር አባል፣ ማክሰኞ ማታ
ይነሳ። የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ 2 «ለዜጎች» ይላል። ሲጻፍ አንተ አልነበርክም።

አራሚ፣ ማክሰኞ ማታ
ያ ደንብ አሥራ አንድ የፊደል ስህተት ነበረበት፤ ያረምኩት እኔ ነኝ፣ ያለ ክፍያ፣ ሁለት ሌሊት ተቀምጬ። አልነበርክም አትበለኝ።

ነባር አባል፣ ማክሰኞ ማታ
ኮማ መለቃቀም ማኅበር መመሥረት አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፣ ማክሰኞ ማታ
ጋሼ፣ ይህ አይገባም። ይሰርዙት።

አዲስ አባል፣ ረቡዕ ጠዋት
ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የተባበሩት መንግሥታት በየሁለት ዓመቱ አገሮችን ያወዳድር የለም? በ2024 ዴንማርክ፣ ኢስቶኒያና ሲንጋፖር ከላይ ነበሩ። ያንን ወስደን ብንሠራበትስ?

ጸሐፊ፣ ረቡዕ ጠዋት
እሱ አገርን ነው የሚለካው። የኢንተርኔት አገልግሎቱን፣ የቴሌኮም መሠረተ ልማቱንና የሕዝቡን ትምህርት ደምሮ አንድ ውጤት ያወጣል። የቀጠሮ ገጽ የሠራ አንድ ቡድን እዚያ ውስጥ ራሱን አያገኝም። እኔ ማመስገን የምፈልገው ያንን ቡድን ነው። አምስት ሰዎች አንድ ቅጽ ከአሥራ ሁለት ጥያቄ ወደ አራት ሲያወርዱ ማንም አያያቸውም፤ የሚታየው ቅጹ የተበላሸ ቀን ብቻ ነው። ይህ ዕውቅና የተነሳው ከዚያ ነው፣ እባካችሁ አትርሱት።

ነባር አባል፣ ረቡዕ ከሰዓት
ትናንት ማታ የጻፍኩት ተገቢ አልነበረም። አራሚ፣ ይቅርታ። ሥራህን አውቃለሁ። ስለ ቃሉ ያለኝ አቋም ግን ያው ነው።

አራሚ፣ ረቡዕ ከሰዓት
ተቀብያለሁ ጋሼ። የእኔም አቋም ያው ነው። ድምፅ ይሰጥበት።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ ማታ
ድምፅ እየተሰጠ ሳለ እኔ ወጪውን አስቤ ነበር። ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት ጊዜ ነው፣ መጓጓዣ ነው፣ የስልክ ጥቅል ነው። በነፃ የሚገኝ የመፈተሻ ፕሮግራም አለ። ሁሉንም ገጾች በአንድ ቀን አስገብተን ነጥባቸውን እናውጣ። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ምልክቱን ይውሰድ። ወጪው ዜሮ ነው።

ፈታሽ፣ ረቡዕ ማታ
አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የብሪታንያ መንግሥት የዲጂታል ቡድን ሆን ብሎ ከ140 በላይ እንቅፋት የተከለበት ገጽ ሠርቶ እነዚህን ፕሮግራሞች ፈትኗቸዋል። ከሁሉ የተሻለው እንኳ ግማሹን አላገኘም። ፕሮግራሙ ሥዕሉ መግለጫ ጽሑፍ እንዳለው ያያል፤ መግለጫው «ምስል 3» የሚል መሆኑ ግን አያስጨንቀውም። ቅጹን አይሞላም፤ «የተሳሳተ መረጃ አስገብተዋል» የሚለው መልእክት የትኛው ሳጥን ላይ እንደተሳሳትን እንደማይነግረን አያውቅም። ከመቶ ዘጠና አምስት ነጥብ ይዞ ማንም የማይጨርሰው ገጽ ይኖራል፤ ምልክታችንንም ይለጥፋል።

ዲዛይነር፣ ረቡዕ ማታ
በፕሮግራሙ እስማማለሁ። ቢያንስ ሰው አይፈርድብንም፤ ዝምድና አለ አይባልም። ያለፈው ዙር ሐሜት በዚህ ይዘጋል።

ነባር አባል፣ ሐሙስ ጠዋት
ቁጥር አውጥተን አደባባይ ላይ ከምንዘረጋው ግኝቱን አስቀድመን ለየቢሮው በደብዳቤ እንስጥ። ያርሙ። የማያውቁትን ደግሞ እናሠልጥን። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ቅጽ አዘገጃጀት፣ ግልጽ አጻጻፍ፣ አዳማጭ ስልኳን ይዛ ታሳያቸው። ከምስክር ወረቀት ይህ ይሻላል።

ገንዘብ ያዥ፣ ሐሙስ ጠዋት
ለሥልጠና ደግሞ ካዝናው ውስጥ የተመደበ አለ። በዚህ ዓመት ካልተጠቀምንበት ይመለሳል።

አዲስ አባል፣ ሐሙስ ጠዋት
ሥልጠናውን እደግፋለሁ።

ጸሐፊ፣ ሐሙስ ከሰዓት
ድምፁ፦ ዜጋ 9፣ ተገልጋይ 9፣ ባለጉዳይ 2። ስለ አምስቱ ጉዳዮች አስተያየት የሰጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። ለአንድ ቃል ሃያ ሰው ተነስቶ፣ ሰው ማመልከቻውን የቱ ጋ አቁሞ እንደሚሄድ ለማየት ሦስት ሰው አጣሁ። ከፍቶኛል። ፈታሽ፣ ቅዳሜ የመጀመሪያውን ሙከራ እንጀምራለን ብለኸኝ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ደውዬልሃለሁ።

አራሚ፣ ሐሙስ ማታ
9 ለ 9 ከሆነ በደንቡ መሠረት ሰብሳቢው ይወስናል።

ነባር አባል፣ ሐሙስ ማታ
ሰብሳቢው ተጉዟል፤ እስከ ሳምንት አይመለስም።

ዲዛይነር፣ ሐሙስ ማታ
ምልክቱን የሚሥል ሰው ካስፈለገ እኔ ነኝ ብዬ ነበር። ምልክት ከሌለ ለእኔ ሥራ የለኝም፤ ወጥቻለሁ።

ጸሐፊ፣ ዓርብ ከሰዓት
የሚላከው የመጨረሻው ረቂቅ እንዲህ ሆኗል። ርእስ፦ «የመንግሥት ድረ ገጾች አገልግሎት፦ የፍተሻና የሥልጠና ዕቅድ»። ዜጋም ተገልጋይም አልገባም፤ ቃሉ ካልተወሰነ መላክ ስለማይቻል አወጣሁት። ፍተሻው በፕሮግራም ይሆናል፤ ውጤቱ በደብዳቤ ለየቢሮው ይሰጣል። የግማሽ ቀን ሥልጠና ከተመደበው ገንዘብ ይካሄዳል። አዳማጭ ያነሳቻቸው ሦስቱ ነጥቦች በሥልጠናው ይዘት ውስጥ ገብተዋል። ዕውቅናው አንቀጽ 7 ላይ «ወደፊት እንደ አስፈላጊነቱ ይታያል» በሚል ተቀምጧል። በሰው የሚደረገው ሙከራ አባሪ ሆኗል።

አራሚ፣ ዓርብ ከሰዓት
አነበብኩት፤ የፊደል ስህተት የለበትም። ግን ጋሼ፣ አዩት? ሰውየው ራሱ ከርእሱ ወጥቷል።

ነባር አባል፣ ዓርብ ከሰዓት
አይቻለሁ። እንዲህ እንዲሆን አልነበረም የተከራከርኩት። አሁን «ተገልጋይ» ብል ይረፍድብኛል?

ጸሐፊ፣ ዓርብ ማታ
ተልኳል።

ፈታሽ፣ ዓርብ ማታ
ሥራ ቦታ ሰርቨር ወድቆብን ሦስት ቀን አልተኛሁም፤ ስልኬንም አላየሁም። ነገ አልችልም። የሚቀጥለውንም ሳምንት ቃል አልገባም።

አዳማጭ፣ ዓርብ ማታ
እኔ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ፈቃዴን አድሳለሁ፤ እውነተኛ ጉዳይ ነው፣ ቀኑ ሊያልፍብኝ ነው። አባሪም ቢሆን አንድ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ደቂቃውን ይያዝ፣ የቆምኩበትን ይጻፍ። እንዳይረዳኝ ብቻ።

አራሚ፣ ዓርብ ማታ
እኔ እመጣለሁ። የት ልምጣ?