ዲዝል ላይ ኪሎና ዋጋ ተገልብጦ ይመጣል

ታቦር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚወርደውን ዓሣ የሚመዘግብ ፕሮግራም በረስት ቋንቋ እየሠራሁ ነው። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ፣ ኦአርኤሙ (ኮዱን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ) ዲዝል 2.1። ቴብሉ መጀመሪያ አይዲ፣ ዓይነትና ኪሎ ብቻ ነበረው፤ በኋላ በማይግሬሽን (የቴብሉን ቅርጽ በሚቀይር ፋይል) ዋጋ ጨመርኩ። ኮምፓይለሩ ምንም አላለም። ዝርዝሩ ላይ ግን 12 ኪሎ ቆሮሶ በ150 ብር መሆን ሲገባው «150 ኪሎ፣ 12 ብር» ይላል። ምን ይሆን?

ጥቁር_ውሃ፦ ስትራክቱ (ኮዱ ውስጥ አንዱን ሮው የሚይዘው ዓይነት) ላይ ዋጋን ከኪሎ በላይ ጽፈኸው ይሆናል። ከዳታቤዙ የተነበበውን ስትራክቱ ውስጥ የሚሞላው ኪውሬብል የፊልዱን ስም አያይም፣ ተራውን ነው የሚያየው። ፖስትግሬስ ደግሞ አዲስ ኮለም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀጥለው፤ ዲዝል ኮለሞቹን የሚዘረዝርበት ስኪማ ፋይሉም በዚያው ተራ ይጻፋል። ሦስተኛው ኮለም ኪሎ ሆኖ ሳለ ሦስተኛው ፊልድህ ዋጋ ነው ማለት ነው። አንዱ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ኮምፓይል አያደርግም ነበር። ሁለቱም አይ32 (ሙሉ ቁጥር) ስለሆኑ ዝም ብሎ አለፈ፤ የዚህ ስህተት ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ተራውን ብታስተካክል ለጊዜው ይሠራል፣ እኔ ግን አልመክርህም። ከስትራክቱ በላይ ያለው ዲራይቭ ላይ ሴሌክተብል ጨምር፣ ቴብል_ኔሙን ጻፍለት፣ ከዚያ ዳታውን ከሚያመጣው ሎድ በፊት ሴሌክት ውስጥ የስትራክቱን አዝ_ሴሌክት ስጠው። ሴሌክተብል የሚያዛምደው በስም ስለሆነ ተራው ቢዛባም ችግር የለውም። ቼክ_ፎር_ባክኤንድንም አትርሳ፤ ዓይነት ሲጋጭ የቱ ፊልድ እንደሆነ ለይቶ ይነግርሃል።

ታቦር፦ እውነትም ዋጋ ከላይ ነበር፤ አሁን ተስተካክሏል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስካሁን የተመዘገበውስ ተበላሽቷል?

አላሙራ፦ አዲስ ሮው የሚጨምረው ኢንሰርተብል በስም ስለሚያስገባ አዲስ የተመዘገበው ደህና ነው። የሚያሰጋው አንብበህ በዚያው ስትራክት መልሰህ ያደስከው ሮው ነው። ሮው የሚያድሰው አዝ_ቼንጅሴትም በስም ነው የሚጽፈው፣ ስለዚህ ተገልብጦ የተነበበው እንደተገለበጠ ገብቷል። ፒኤስኪውኤል (የፖስትግሬስ ትዕዛዝ መስጫ) ከፍተህ ኪሎው ከዋጋው የሚበልጥባቸውን ሮዎች አውጣና ከደረሰኝ ጋር አመሳክር። ሁሉንም በአንድ አፕዴት አትገልብጥ፣ ደህናውንም ታበላሸዋለህ።

ታቦር፦ አምባዛ 7 ኪሎ ተኩል ሲመዘንስ? ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ላድርገው?

ጥቁር_ውሃ፦ በተለይ ለገንዘብ ፍሎት አይሆንም። ኑመሪክ (የፖስትግሬስ ትክክለኛ የአስርዮሽ ቁጥር) ከመረጥክ ላይብረሪዎቹ በሚዘረዘሩበት ካርጎ ፋይል ላይ የዲዝልን ኑመሪክ ፊቸር አብራ፣ ረስት በኩል ያለው ዓይነት ቢግዴሲማል ነው። ቀላሉ ግን ግራምና ሳንቲም በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው፦ 7500 ግራም። ያኔም ሁለቱ ኮለሞች አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ አዝ_ሴሌክትን የትም ቦታ እንዳትዘል።