ልጅ ያለወሩ ሲወለድ እትብቱ ሳይቆረጥ ቢዘገይ እናትን ይጎዳል ወይ?

ጠያቂ፣ ከኮምቦልቻ፦ እህቴ በሰባት ወሯ ምጥ መጣባት። ልጁ ሲወለድ ሲስተሯ እትብቱን ቶሎ አልቆረጠችም፤ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቀች። እናቴ «የልጄ ደም ሊያልቅ ነው» ብላ አለቀሰች። አልሃምዱሊላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ቤታችን ግን ለሁለት ተከፍሏል። እናትየዋን አይጎዳም ወይ?

ጤና መኮንን፣ ከመርሳ፦ የእናትሽ ፍርሃት ተገቢ ነው። ሌሊት ላይ ጤና ጣቢያ ውስጥ ብቻውን ያለ ባለሙያ ለሁለት ነፍስ አይበቃም። እኛ የተማርነው ቶሎ ቆርጠህ ወደ እናትየዋ ተመለስ ተብለን ነው።

አዋላጅ፣ ከደሴ፦ ወንድሜ፣ ያ ትምህርት ተቀይሯል። የዓለም ጤና ድርጅት አሁን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ ይላል። እናትን ከመድማት የሚጠብቃት ኦክሲቶሲን የሚባለው፣ ማህፀኑን የሚያኮማትረው መርፌ ነው። ሆዷ ውስጥ ሌላ ልጅ አለመኖሩ ከታየ 10 ዩኒት ወዲያው ትወጋለች። መርፌው እትብት እስኪቆረጥ አይጠብቅም።

እህቴ፣ አብሽሪ። ለእማማ ይህን ንገሪልኝ፦ እትብቱ ውስጥ ያለው ደም የልጁ የራሱ ነው። የእናትና የልጅ ደም እንግዴ ልጁ ላይ ይቀራረባል እንጂ አንድ ላይ አይፈስም። እናት የምትደማው እንግዴ ልጁ ተጣብቆበት ከነበረው የማህፀን ግድግዳ ነው። ማህፀኑ ድንጋይ መስሎ ሲቋጠር ደሙ ይገታል፤ ሲልፈሰፈስ ነው የሚያስፈራው። እትብቱን በጣትሽ ብትይዢው ልብ ሲመታ ይሰማሻል። ቆይቶ ይሳሳል፣ ይነጣል። ያኔ ደሙ ወደ ባለቤቱ ሄዷል።

አባወራ፣ ከሐይቅ፦ ለጥቂት ጠብታ ደም ሚስቴን አደጋ ላይ አልጥልም። እናት ከሌለች ልጁስ ለማን ይሆናል?

አዋላጅ፦ ጥቂት ጠብታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ 20 ጥናቶች ተደምረው ወጥተዋል፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ከ3,000 በላይ ሕፃናት ታይተዋል። ቶሎ ከተቆረጠባቸው መካከል 8 በመቶ ገደማው ከሆስፒታል ሳይወጡ ሞቱ። ከተጠበቀላቸው ግን 6 በመቶ ገደማ። ከ100 ሁለት ሕፃን ለኔ ብዙ ነው።

ጤና መኮንን፦ የልጁን ጥቅም አልክድም። የእናትየዋን አምጪ።

አዋላጅ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን 15 ጥናቶችን፣ ከ3,900 በላይ እናቶችን አይቶ በደም መፍሰስ ልዩነት አላገኘም። እርግጥ እነዚያ በወራቸው የወለዱ ናቸው። ያለወራቸው በወለዱት ላይ የእናትየዋን ደም የመዘገቡ ጥናቶች ጥቂት ናቸው፤ ይሄ ያንገበግበኛል። ሕፃኑን በግራም እየመዘኑ እናቱን ሳይመዘግቡ ማለፍ ነውር ነው።

ጤና መኮንን፦ እኔም የምለው እሱን ነው። እንግዴ ልጇ ቀድሞ የተላቀቀባትስ? ያለወሩ የሚመጣ ምጥ ከዚህም ይነሳል።

አዋላጅ፦ እሷ ላይ አይጠበቅም። በብዛት እየደማች ከሆነ ወይም እትብቱ ከተበጠሰ ወዲያው ታስሮ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ጤና መኮንን፦ ጊዜ ለመቆጠብ እትብቱን አልበን፣ ማለትም ደሙን በጣት ወደ ልጁ ገፍተን ብንቆርጥስ?

አዋላጅ፦ 28 ሳምንት ላልሞላው በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በእነዚህ ሕፃናት ላይ የጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ስለበዛ ተቋርጧል።

ጤና መኮንን፦ እሺ፣ ብቻዬን የሆንኩ ሌሊትስ?

አዋላጅ፦ መርፌውን ልጁ ሳይወጣ ቅዳና አጠገብህ አኑር። ልጁን አድርቀህ እናቱ ሆድ ላይ ሸፍነው፤ የኛን ብርድ ታውቀዋለህ። ከወጋሃት በኋላ አንድ እጅህ ማህፀኗ ላይ ይሁን፣ ዓይንህ ደሟ ላይ። ልጁ አልተነፍስ ካለ ወይም እሷ ከደማች መቁጠር ተውና ቁረጥ።

ጤና መኮንን፦ በዚህ ተስማማን። ሌሊት ሁለተኛ ሰው ይመደብ የሚለውን ግን አልለቅም።

አዋላጅ፦ አትልቀቅ። እሱን አብሬህ እጠይቃለሁ።